ሽማግሌ ስልክ አይመልስም

እናቴ የነፍስ አባት ነበራት። ጾም ሊገባ ሲል ነጠላዋን አጣፍታ ትሄድና ስትመለስ ትከሻዋ ቀሏት ትመለሳለች። ምን ተናግራ እንደመጣች አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም። እኔ በወጣትነቴ ጌታን ተቀብዬ ወደ ወንጌላውያን ስሄድ ያ ነገር ከእናቴ ጋር ቀረ። በእኛ ዘንድ ያለው ምስክርነት ነው። የምስክርነት ጠባዩ ደግሞ ይታወቃል፤ መሃሉ የፈለገውን ያህል ቢጨልም መጨረሻው ላይ «ክብር ለጌታ ይሁን» ተብሎ በእልልታ ይዘጋል። እልል የማይባልለትን ነገር ይዞ መድረክ የወጣ ሰው አላየሁም። እኔም አልወጣሁም። በወረቀት የማሰፍረው ለዚህ ነው።

ስዊድን የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2005 ብቻዬን ነው። ልጄን የተለየኋት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ነበር። የቤተሰብ ወረቀቱ ተጓትቶ ከእናቷ ጋር ስትመጣ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ፣ «አባትሽን ሰላም በይ እንጂ» ስትባል ወጣ አለችና እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። እንደ ትልቅ ሰው። በእነዚያ አራት ዓመታት ራሴን አልከስስም። የምናዘዘው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር እያደርን ስለራቅኋት።

የምንኖረው ሶልና ውስጥ ሃጋሉንድ የሚባል ሰፈር ነው። ሶልና ስቶክሆልም ላይ በስተሰሜን የተለጠፈች ከተማ ናት፤ ዋና ከተማዋ የት ላይ አልቃ እሷ የት ላይ እንደምትጀምር ነዋሪውም ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩትን የሰፈራችንን ሰማያዊ ፎቆች ሰዉ «ብሎኩላ» ይላቸዋል። ብሎኩላ በስዊድኖች ተረት ጠንቋዮች በፋሲካ ሰሞን በመጥረጊያ እየበረሩ ሄደው ከሰይጣን ጋር የሚደግሱበት ቦታ ነው። እኔ ፓስተሩ የምኖረው እንግዲህ እዚያ ነው።

እንጀራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ለአገልግሎቱ ደመወዝ የለኝም። አዳራሻችንም እንደ ብዙዎቹ የስደት አብያተ ክርስቲያናት የኪራይ ነው። እሑድ ስዊድኖቹ አምልከው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን። ረቡዕ ጸሎት ነው፣ ዓርብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ቅዳሜ መዘምራን፣ በወሩ መጨረሻ አዳር ጸሎት። በመሃሉ የታመመ ይጠየቃል፣ ሰው የሞተበት ይጽናናል፣ የመኖሪያ ወረቀት የተከለከለ ከጠበቃ ጋር ይገናኛል፣ የተጣላ ይታረቃል። ይህን ስደረድር «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ልል የተዘጋጀሁ ይመስላል። አይደለም። ጊዜ አጣሁ ማለት የአገልጋይ ሁሉ ኑዛዜ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጉራ ነው። የእኔ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እዚህ አገር መምህሩ፣ ተማሪውና ወላጁ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ስለ ልጁ ትምህርት ይነጋገራሉ። ሄድኩ። «አስተርጓሚ እንጥራ ወይ?» ሲሉኝ ኮራ ብዬ አያስፈልግም አልኩ። ከዚያ ስለ ልጄ ልናገር አፌን ስከፍት «ሚት ዶተር» ብዬ ጀመርኩ። ስዊድንኛ ስሞችን ሁሉ በሁለት ወገን ይከፍላቸዋል፤ «የእኔ» የሚለውም ቃል እንደየወገኑ ይለዋወጣል። ለሴት ልጅ «ሚን» ነው እንጂ «ሚት» አይደለም። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሚን፣ ፓፓ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዳላፍር ብላ ነው። መምህሯም አልሳቀችም። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ትናንት ማታ ሁለት መቶ ሰው «አሜን» ሲለኝ ያመሸሁ ሰው፣ ልጄን «የእኔ» ለማለት በልጄ ታረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ስብሰባዎች ሁሉ እናቷ ናት የሄደችው። እኔ «ከጸሎት ጋር ተጋጨብኝ» እላለሁ። አንዳንዴ እውነትም ይጋጭ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ጸሎቱን እዚያ ቀን ላይ የማውለው ራሴ ነኝ።

ነገሩን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ቤቴ ውስጥ ከመንግሥት የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብልኝ፣ ባንክ ደውላ የምታስረዳልኝ፣ ዜናው ምን እንዳለ የምትነግረኝ ልጄ ናት። አዳራሹ ውስጥ ግን ቋንቋዬ ሙሉ ነው። ስቀልድ ይሳቃል፤ ዝም ስል ዝምታዬ ይፈራል። «ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ» እያሉ አንገታቸውን የሚደፉልኝ የተማሩ፣ ከእኔ የተሻለ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ስዊድን የወሰደችብኝን ቁመት ቤተ ክርስቲያን መለሰችልኝ። እኔም ቁመቴ ወዳለበት ሄድኩ፤ ለቤቴ «ጥሪ ነው» እያልኩ። ባለቤቴ በዚህ ቃል ላይ ምን መልስ ይኖራታል? ከእግዚአብሔር ጋር ተጋፊ ልትባል ነው።

ሽማግሌ ሆኜ ስመረጥ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው፣ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት ይጠብቃል የሚለው ተነሥቶ ነበር። አስመራጮቹ «ቤትህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። የጠየቁት እኔኑ ነው።

ወንዱ ልጄ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ ሶልና፣ ካሮሊንስካ ሆስፒታል ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 የወሊድ ፈቃድን ለእናት ብቻ መሆኑን አስቀርታ ለአባትም የከፈተች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ለአንድ ልጅ 480 ቀን ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ከዚህ ውስጥ 60ው ለእያንዳንዱ ወላጅ የተከለለ ነበር፣ አባት ካልወሰደው እናት ልትወስደው አትችልም። ወሰድኩት። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ ቋንቋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ልጁን በጋሪ እየገፋሁ የክረምቱን ኮንፈረንስ አዘጋጅ ነበር። ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው። ዳይፐሩን የሚቀይሩለት የኮሚቴው እህቶች ናቸው። በመንገድ ላይ ስዊድኖቹ ሴቶች ጋሪውን አይተው ፈገግ ይሉልኛል፤ ይህች አገር ጋሪ የሚገፋ አባት ትወዳለች። መንግሥት ከልጄ ጋር ሁን ብሎ የከፈለኝን ገንዘብ ለኮንፈረንስ በላሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እሰብክ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ምእመኔን ትቼ አልሄድም ማለታቸውን፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አምልኮ መርተው ሲወጡ ታፍነው መገደላቸውን፣ አስከሬናቸው ደርግ እስኪወድቅ አለመገኘቱን እተርካለሁ። ሰዉ ያለቅሳል። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ግን በስብከቴ ውስጥ ያላቸው ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሳቸውም ተይዘው አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል፤ ልጆቹ አባትም እናትም አጥተዋል። ከዚያ ታሪክ ለእኔ የሚመቸኝን ብቻ ነበር የቆረጥኩት፤ የእግዚአብሔር ሰው ቤቱን ከጥሪው አያስቀድምም የሚለውን። ጉዲናን ግን ሰዎች መኪና ውስጥ ጎትተው አስገብተዋቸዋል። እኔን ከእራት ገበታ ላይ የጎተተኝ ማንም የለም። በሰማያዊው መስመር ባቡር፣ ካርዴን ነክቼ፣ በገዛ እግሬ ነው የሄድኩት።

ዘጸአት 18ን ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አላስታውስም። የመሪዎች ሥልጠና ያለ እሱ አይሆንም። ዮቶር መጥቶ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ ያየዋል፤ ሥራውን ለሺህ አለቃ፣ ለመቶ አለቃ፣ ለአምሳ አለቃ፣ ለአሥር አለቃ እንዲያካፍል ይመክረዋል። ሥራ ማካፈልን ይማሩበታል፣ ምሳ ይበሉና ይበተናሉ። ዮቶር ግን የመጣው ለአስተዳደር አልነበረም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ሊያደርስለት ነው የመጣው፤ ሙሴ መልሷቸው ነበርና። መጽሐፉ ሙሴ አማቱን ሊቀበል እንደወጣ፣ እንደሰገደለት፣ እንደሳመው፣ ደኅንነት ተጠያይቀው ወደ ድንኳን እንደገቡ ይናገራል። ሲፓራንና ልጆቹን ሳማቸው አይልም። ስሟቸው ይሆናል፤ ያልተጻፈ አልጨምርም። የተጻፈው ግን ይኸው ነው፤ በነጋታው ሙሴ ሊፈርድ ተቀመጠ። የበኩር ልጁን ስም ጌርሳም ያለው በባዕድ አገር መጻተኛ ነበርሁ ሲል ነው። የስደተኛ ልጅ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያነበብኩ ለሃያ ዓመት ያየሁት የአለቆቹን ዝርዝር ነበር።

ወደዚያ ቀን ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በሰኔ መጀመሪያ ነው።

እዚህ አገር ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የሚሆነውን ላላየ ማስረዳት ያስቸግራል። ሠርግ በሉት። ተማሪዎቹ ነጭ ቆብ ደፍተው ከትምህርት ቤቱ በር እየጮሁ ሮጠው ይወጣሉ። ግቢው በቤተሰብ ይሞላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በእንጨት ላይ የተመታ ትልቅ ፎቶ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ልጁ ሕፃን ሳለ የተነሣው ፎቶ ነው፣ ስሙና ክፍሉ ተጽፎበት። ፕላካት ይሉታል። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ልጁ የራሱን የሕፃንነት ፊት እየፈለገ ቤተሰቡን የሚያገኝበት ምልክት ነው። ከዚያ አበባውና አሻንጉሊቱ በሰማያዊና ቢጫ ጥብጣብ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልለታል፣ ከጓደኞቹ ጋር በበርች ቅጠል ባጌጠ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ እየጨፈረ ከተማውን ይዞራል።

ፎቶውን የመረጠችው ባለቤቴ ናት። ፒያሳ ስቱዲዮ የተነሣ ነው፣ ልጅቷ የስድስት ወር ልጅ ሆና፣ አጠገቧ የፕላስቲክ አበባ ቅርጫት አለ። ገና መቀመጥ አትችልም ነበርና በፎቶው ጠርዝ ጀርባዋን የደገፈ እጅ ይታያል። የእኔ እጅ ነው። ባለቤቴ እህቷንና ወንዱን ልጅ ይዛ ቀድማ ልትሄድ፣ እኔ ደግሞ ፕላካቱን ሶልና ሴንትሩም ካለው ፎቶ ቤት ወስጄ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ልመጣ ተስማማን። ልጆቹ የሚወጡት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር፤ አንድ ፎቶ ማምጣት።

ማለዳ ስልክ ተደወለ። ሁስቢ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ሌሊቱን ተጋጭተው ሚስቲቱ ልብሷን ሸክፋለች፤ «ፓስተር፣ አሁኑኑ ይድረሱልን»። ሌሎች ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ እንዲያውም እዚያው ሁስቢ ጎረቤታቸው ነው። ለእሱ መደወል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልደወልኩም። ለባለቤቴ «ለአንድ ሰዓት ደርሼ መጣሁ» አልኳት። አየችኝና «ፎቶውን እንዳትረሳ» ብቻ አለች።

ሽምግልና ስቀመጥ ስልኬን አጠፋለሁ። ሽማግሌ ስልክ አይመልስም፤ ከአባቴ የተማርኩት ነው። ከዚያ ቤት ስወጣ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ስልኬን ስከፍት አሥራ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ አገኘሁ። በባቡሩ ሶልና ሴንትሩም ወረድኩ፣ ፎቶ ቤቱ ወረፋ ነበረው፣ ፕላካቱን ተቀብዬ እየሮጥኩ ተመልሼ ወረድኩ፣ መሃል ከተማ ስደርስ ሰባት ሰዓት። ግቢው ውስጥ የቀሩት ጥብጣብና የጠርሙስ ቡሽ ነበሩ። አንድ ሠራተኛ እየጠረገ ነው። የጭነት መኪኖቹ ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል፤ በየትኛው ላይ እንዳለች እንኳ አላወቅሁም።

የሆነውን ያየሁት ማታ በባለቤቴ እህት ስልክ በተቀረጸው ቪዲዮ ነው። ልጄ ሮጣ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ቆቧን በአንድ እጇ ይዛ ፎቶዎቹን ከዳር እስከ ዳር ትቃኛለች። አንዴ። እንደገና። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደየፎቷቸው እየሮጡ ይሄዳሉ። በዚህ መሃል ባለቤቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ትገፋለች፣ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ዘርግታ ታውለበልባለች። ልጄ ነጠላውን ታያለች። ቪዲዮው እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የያዘችው እያለቀሰች ነበር መሰለኝ።

ከግቢው ፕላካቱን ይዤ ተመለስኩ። የምጥልበት ቦታ የለኝም፤ ልጥለውስ እንዴት እችላለሁ? የሶልና ሴንትሩም ጣቢያ ከመሬት ሥር የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ጣራው ደም የመሰለ ቀይ ሲሆን ግድግዳው ላይ ረጅም አረንጓዴ የጥድ ደን ተስሏል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲከፈት ካርል ኡሎቭ ቢዮርክና አንደሽ ኦበሪ የሚባሉ ሠዓሊዎች የሣሉት ነው፤ በዘመኑ ስዊድንን ያስጨንቃት የነበረውን፣ የደኑን መራቆትና የገጠሩን ባዶ መቅረት ሊያሳዩበት። በየቀኑ ባልፍበትም ያን ቀን ነው ቆሜ ያየሁት። አንዲት አሮጊት ስዊድናዊት አጠገቤ ቆሙና ፕላካቱን አዩ፣ ሕፃኗን፣ ቅርጫቱን፣ እጁን። ፈገግ ብለው «ግራቲስ!» አሉኝ። እንኳን ደስ አለህ ማለታቸው ነው። የስዊድንኛን ጠባይ እዩልኝ፤ «ቲ» ሲጠብቅ እንኳን ደስ አለህ ነው፣ ሲላላ በነጻ ማለት ነው። አመሰገንኳቸው።

ማታ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ዶሮውም ኬኩም ቀረበ። «ፓስተር፣ ይባርኩልን» አሉኝ። ልጄን አቁሜ፣ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ፣ ረጅም ቡራኬ ባረክሁ። ሰዉ አሜን አለ። እንግዶቹ ሲወጡ «ይቅርታ፣ ጉዳዩ ረዘመብኝ» አልኳት። «ደ ኤ ሉግንት፣ ፓፓ» አለች። ምንም አይደል እንደማለት ነው፤ ቃሉ ሲፈታ «ጸጥ ያለ ነው» ይላል። እውነትም ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር እንዳደርግላት ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለቤቴም አልተናገረችኝም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሽማግሌ እንዲጎበኛቸው የሚፈልጉ የሚመዘገቡበትን የቤተ ክርስቲያኑን የጉብኝት መዝገብ ስከፍት ስሟን በራሷ የእጅ ጽሑፍ አገኘሁት። አድራሻ በሚለው ሥር ሃጋሉንድ፣ የፎቃችን ቁጥር፣ የቤታችን በር። ምክንያት በሚለው ሥር ምንም አልጻፈችም።

ከመሪነቱ ለጊዜው እንድነሣ ለሽማግሌዎቹ ያመለከትኩት ያን ሳምንት ነው። አንዱ ወንድም፣ ቅን ሰው ነው፣ «አገልግሎትህን ሊያስጥልህ የተነሣ መንፈስ ነው፤ እንጸልይበት» አለኝ። ስለ ቦብ ፒርስ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1950 ወርልድ ቪዥንን የመሠረተው ሰባኪ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አንጾኪያ ሸለቆ ላይ ወገኖቻችንን ያበላው ያው ድርጅት። ልጁ ማሪሊ ስለ አባቷ በጻፈችው መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ ሰውየው ከእግዚአብሔር ጋር ውል ነበረው፦ እኔ በውጭ ያሉትን ያንተን በጎች ልጠብቅ፣ አንተ ቤት ያሉትን የእኔን ጠብቅልኝ። ታላቅ ልጁ ሻሮን እ.ኤ.አ. በ1968 ራሷን አጠፋች። ወንድሜ ዝም አለ፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ያን ውል መቼ ፈረመ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከእኔ ምሳሌ የተሻለ ነበር።

ከመድረክ የወረድኩባቸው የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ከበዱኝ። ከባለቤቴ ጎን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጆቼን ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም። ሌላው ሲሰብክ በውስጤ አርመዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዱ ልጄ ሺተሆልም ሜዳ ኳስ ሲለማመድ ቆሜ አያለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሆነው የአይኮ ክለብ ደጋፊ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደመጣሁ ገርሞት «ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ልጄ አሁን ሰሜን፣ ኡሜኦ ትማራለች። ባለፈው ገና መጥታ ነበር። እናቷ ሥራ አድራ ተኝታለች፤ እኛ ወጥ ቤት ነን። ልጄ ቡና እያፈላች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ከየት እንዳመጣችው ሳላውቅ፣ «ያን ቀን… ሰዎቹ ታረቁ?» አለች።

«ታረቁ» አልኳት። እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ አብረው ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ልጅም ወልደዋል። አንዳንዴ ባይታረቁ ኖሮ ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ከንቱ ሄድኩ ብዬ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር።

«ብራ» አለች። ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ጀበናውን ወደ ማቶቱ መለሰችው። «በስንት ሰዓት?»

ለእናቷም፣ ለእንግዶቹም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለራሴም ጉዳዩ ረዘመ ስል ነው የኖርኩት። እዚህም ወረቀት ላይ እንደዚያ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። «አምስት ሰዓት ላይ» አልኳት። አምስት ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱ ተሳስመው፣ አልቅሰው፣ ነገሩ አልቆ ነበር። ከዚያ ሚስቲቱ «ፓስተርማ ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም» ብላ ከሰል አቀጣጠለች። ፈንዲሻ መጣ። ባልየው እግሬ ሥር ተቀምጦ «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ» ይለኛል። ሰዓቱን አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ ነበር፣ ፊት ለፊቴ።

ልጄ ዞረች። ከመጣች ጀምሮ የምታወራኝ በስዊድንኛ ነበር። አሁን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን በትክክል ልታወጣው እየተጠነቀቀች ጠየቀችኝ።

«በረካ ድረስ?»

«በረካ ድረስ» አልኳት።